ጠበቃው የማን ነው?

እኔ የዚህ ገጽ ዝምተኛ አንባቢ ነኝ። የእናንተን ታሪክ ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳነብ፣ ሳለቅስም ስስቅም ከርሜ፣ የራሴን ግን አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ያስጻፈኝ አንዲት እህታችን ባለፈው «ቤት ልገዛ ነው፤ ወንድሜ ጠበቃ አግኝቶልኛል፤ ብሩን ልላክ ወይ?» ብላ መጠየቋ ነው። ልመልስላት ጀመርኩና እየረዘመብኝ ሄደ። እንግዲያው ለሁላችንም ይሁን ብዬ ነው። ስሜን አልጽፍም፤ የቤተሰብ ጉዳይ አለበት። ዓመቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

የምኖረው ማር ሚካኤል ነው። ከአርሜንያ መንገድ ወደ ላይ የሚወጣውን ደረጃ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከታች ካፌውና መጠጥ ቤቱ፣ ከላይ የእኛ ክፍል። ሦስት ሆነን ነው የተከራየነው። አርብ ሌሊት በሙዚቃው እንቅልፍ የለም፤ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደግሞ የሰው ቤት መድረስ አለብን። ቢሆንም ኮንትራት ቤት ሆኖ በረንዳ ላይ ከመተኛት ይሻላል እንላለን።

ሊባኖስ የመጣሁት በ2003 ነው። ብዙም ሳልቆይ ማዳም ካቲብ አድል ዘንድ ወሰደችኝ፤ የእነሱ ውልና ማስረጃ ማለት ነው። ወረቀቱ በአረብኛ ነበር። ሰውዬው አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ ማዳም መለሰችልኝ፣ እኔ ፈረምኩ። ምን ላይ እንደፈረምኩ የገባኝ ከ2 ዓመት በኋላ አረብኛ ስለምድ ነው። ብዙዎቻችሁም እንደዚሁ ናችሁ፣ አውቃለሁ። ይህን የማነሳው ለምንም አይደለም። የማላነበውን መፈረም እዚህ ለመድኩ፤ ከዚያ በገዛ አገሬ፣ በገዛ ቋንቋዬም ሳላነብ ማመን ቀጠልኩ።

በ2009 ወንድሜ ደወለ። «ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ 150 ካሬ መሬት ተገኝቷል፤ አሁን ካልያዝነው ነገ ዋጋው አይቀመስም» አለኝ። ገበሬው ይሸጣል፣ 3 ምስክር አለ፣ ውሉን የሚጽፍ «የሕግ ሰው» አለ። እኔስ ምን አውቃለሁ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ያጠራቀምኩትን ላክሁ። ውሉን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የምስክሮች አሻራ አለው። ቡርጅ ሐሙድ ወርጄ ፕሪንት አስደረግሁትና ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። የሰው መስኮት ስወለውል ደከመኝ ስል አውጥቼ አየው ነበር።

በ2011 እዚያ መሬት ላይ ያሠራናት የቆርቆሮ ክፍል ፈረሰች። ጨረቃ ቤት ተብላ። እንከሳለን ብለን ወረቀቱን ለሚያውቅ ሰው ስናሳይ ነው ጉዱ የወጣው። መሬት በኢትዮጵያ አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው በሕጋዊ ይዞታ ላይ የተሠራ ቤት ነው እንጂ ባዶ መሬት አይደለም። እኔ ስስመው የነበረው ወረቀት በሕግ ፊት ውል አልነበረም። «የሕግ ሰው» የተባለውም ጠበቃ ሳይሆን ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጻፊ ነበር። ያመጣው ሻጩ፣ የከፈለውም ሻጩ።

ወንድሜ አለቀሰ። «ላንቺ ብዬ ነው እኮ» አለ። እውነቱን ነው፣ ለእኔ ብሎ ነው። አለማወቅ ክፋት አይደለም፤ ብሩ ግን በክፋትም ሄደ ባለማወቅ ያው ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ስለ ቤት ማሰብ ተውኩ። መልሶ ያስጀመረኝ ፍንዳታው ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2012፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ። እኔ ጌታዊ ላይ ሥራ ቤት ነበርኩ። ማር ሚካኤል ከወደቡ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በመስታወት ላይ እየተራመድኩ ስደርስ የክፍላችን በር ከነመቃኑ ተነቅሎ መሬት ላይ ተኝቷል። ልጆቹ ተርፈዋል፣ ተመስገን። ዶላሬን የማስቀምጠው ካልሲ ውስጥ አድርጌ ፍራሹ ውስጥ ነበር፤ እሱም አለ። ሌሊቱን ቁምሳጥኑን በሩ ቦታ ላይ ገፍተን፣ ሦስታችንም ጀርባችንን ለእሱ ሰጥተን አደርን። ያን ሌሊት ነው «የራሴ በር» የሚል ነገር ሆዴ ውስጥ የገባው። ትልቅ ቤት አይደለም። ከውስጥ የምቆልፈው በር።

ሠራሁ። ሊራው ከ1,500 ተነስቶ ወደ 90 ሺህ ሲወርድ ያየን ሰዎች ነን፤ በሊራ የሚከፍሉኝን ተውኩና በሰዓት፣ በዶላር ብቻ ያዝኩ። በቀን 3 ቤት የምገባበት ጊዜ ነበር። በ2015 የ6 ዓመት ቁጠባዬ ተደምሮ ለአንዲት ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ደረሰ።

ወንድሜ እንደገና ደወለ። «አሁን መሬት አይደለም፤ የመንግሥት ኮንዶሚኒየም ነው፤ ቦሌ አራብሳ፤ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር» አለ። ደላላውን አገናኘኝ። ደላላው አፉ ማር ነው። «የኔ እህት፣ በስደት ያለ ሰው እንዳይጎዳ እኛ እናስብለታለን። ጠበቃ አለን፤ ነፃ ነው፤ አንቺ 5 ሳንቲም አታወጪም» አለኝ። አሠራሩንም አስረዳኝ። ባለ ዕጣው ቁልፍ ከተረከበ 4 ዓመት አልሞላውም፤ በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ደግሞ 5 ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም። ስለዚህ ሻጩ ለወንድሜ ውክልና ይሰጠዋል፤ እኔ ሙሉ ብሩን እከፍላለሁ፤ ለመተማመኛ የብድር ውል ይጻፋል፤ 5 ዓመቱ ሲሞላ ስም ይዞራል። «ሰው ሁሉ የሚገዛው እንዲህ ነው» አለ። በ3 ቀን ውስጥ 200 ሺህ ብር ቀብድ ካልገባ ሌላ ሰው ይወስደዋል።

ማታ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ለክፍል ጓደኛዬ ነገርኳት። ጎጃሜ ናት፣ ነገር አታበዛም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣

«ያኛውም ጊዜ ነፃ ነበር እኮ» አለችኝ።

በቃ ይህን ብቻ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ማዳም ለእኔ መለሰችልኝ፤ ራፖር ጻፊውን ሻጩ ከፈለው፤ አሁን ደግሞ ደላላው ጠበቃ ሊሰጠኝ ነው። በሦስቱም ላይ የምፈርመው እኔ፣ ሰውየው ግን የሌላ ሰው። ስለ ሕግ ምንም አላውቅም፤ ይህን ግን ማወቅ አያቅተኝም አልኩ። ጠበቃውን ራሴ ልፈልግ ተነሳሁ።

እሁድ 3 ስልክ ደወልኩ።

መጀመሪያ ለደላላው ጠበቃ። ትሁት ሰው ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ የማን ጠበቃ ነዎት?» አልኩት። «የሁላችሁም ነኝ፤ የሻጩም ያንቺም» አለኝ። «ብንጣላ ለማን ይቆማሉ?» ስለው ሳቀ። «ለምን ትጣላላችሁ እህቴ?» አለ። መልሱ እሱ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ጥቅማቸው ለሚጋጭ ለሁለት ወገን አንድ ጠበቃ መቆም እንደሌለበት የራሳቸው የሙያ ደንብ ይከለክላል። ሻጭና ገዢ ደግሞ ጥቅማቸው ካልተጋጨ የማን ይጋጫል?

ሁለተኛው የወንድሜ ጓደኛ የሚያውቀው ጠበቃ ነው። ምንም አልጠየቀኝም። «ችግር የለም፣ ሁሉንም ጨርሼ ቁልፉን እልክልሻለሁ፤ ብሩን በእኔ አካውንት አስገቢውና እኔ ለሻጩ እከፍላለሁ» አለኝ። ሌባ ነው አልልም፤ ምናልባት ጥሩ ሰው ይሆናል። ግን ስለ ቤቱ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ችግር እንደሌለ በምን አወቀ?

ሦስተኛዋ ሴት ናት። ስልኳን የሰጠችኝ ዶራ የማውቃት እህት ናት፤ የአባቷን ቤት ውርስ ያስከበረችላት ጠበቃ። እንደ ጨረሰ ሰው ጥሩ ምስክር የለም ብዬ ደወልኩ። ስንት ነው የሚያስከፍሉኝ ስላት «ወረቀቱን ሳላይ ዋጋ አልናገርም» አለችኝ። ከዚያ እሷ መጠየቅ ጀመረች።

«ካርታው በማን ስም ነው?»
«አላየሁትም።»
«ሻጩ ያገባ ነው?»
«ላጤ ነው ብለውኛል።»
«ማን አለሽ?»
«ደላላው።»
«የባንክ ዕዳው አልቋል?»
«የቱ ዕዳ?»

ዝም አለች ትንሽ። «እህቴ፣ ቀብድ ከፍለሻል?» አለች። አልከፈልኩም ስላት ትንፋሿን ሰማሁት። «ጎሽ። አትክፈዪ። ቀብድ ሰጥተሽ ብታፈርሺ ቀብዱ ቀረ ማለት ነው። የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል ይላል ሕጉ፤ ግን እጥፉን ለማስመለስ ዓመት ፍርድ ቤት ትመላለሻለሽ፤ አንቺ ደግሞ እዚያ ነሽ።»

የታደሰ ፈቃዷን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «እኔን አትመኚኝ፤ ፍትሕ ሚኒስቴር ሰው ልከሽ አረጋግጪ» አለች። እህቴን ላክኋት፣ አረጋገጠች። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ጠበቃ የፌዴራል ፈቃድ ነው የሚይዘው፤ ክልሎች ደግሞ የራሳቸውን ይሰጣሉ። ስለዚህ ደሴ ወይ ባሕር ዳር የምትገዙ የዚያን ክልል ፈቃድ ጠይቁ። ከዚያ የእኔና የእሷ ውል ተጻፈ፤ ምን እንደምትሠራ፣ ስንት እንደምከፍላት፣ መቼ እንደምከፍላት። ሰነዶቹን ለማጣራት ብቻ 15 ሺህ ብር። የቤቱን ገንዘብ በእጇ እንደማትይዝም እሷው ራሷ አስጻፈችበት።

ከ12 ቀን በኋላ ደወለች። «አትግዢው» አለችኝ።

ሻጩ ላጤ አይደለም፤ ፋይሉ ውስጥ ሚስት አለች። በቤተሰብ ሕጉ፣ በ1992 በወጣው፣ ባልና ሚስት የጋራ ቤታቸውን አንዳቸው ብቻቸውን መሸጥ አይችሉም። ቤቱ የ20/80 ስለሆነ 80 በመቶው የንግድ ባንክ ብድር ነው፤ ገና ብዙ ይቀረዋል። 5 ዓመቱም አልሞላም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ውክልናው ነገረችኝ፤ ይህን እባካችሁ ሁለቴ አንብቡት።

«ውክልና ቤት አይደለም» አለች። «ሰውየው በፈለገ ቀን ሊሽረው ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይፈቅድለታል። ከሞተም ውክልናው አብሮት ይሞታል፤ ቤቱ ለወራሾቹ ይሄዳል። የብድር ውል የተባለውም ቢበዛ ገንዘብ አበድረሽዋል ይላል እንጂ ቤት ሸጦልሻል አይልም። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይ ውልና ማስረጃ ፊት መመዝገብ አለበት፤ አንቀጽ 1723 ነው። አንቺን ሊሰጡሽ ያሰቡት ከዚህ አንዱንም አይደለም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላመሰገንኳትም። ተናደድኩ። 15 ሺህ ብር ከፍዬ የሰማሁት «አትግዢ» የሚል ነው? ደላላው «ጠበቃ ነገር ያከራል እንጂ አይጨርስም» ብሎኝ ነበር፤ ትክክል መሰለኝ። ወንድሜ ደግሞ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። «ከእኔ ይልቅ የማታውቂያትን ሴት አመንሽ» አለ። ለ3 ወር አላናገረኝም። ቤቱንም ሌላ ሰው ወሰደው። የወሰደው ሰው ይጎዳ ይጠቀም እስከዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት 5 ዓመቱ ሞልቶ፣ ሰውየውም ታማኝ ሆኖ፣ ቤቱ ተርፎለት ይሆናል። እኔ ግን «ምናልባት» ላይ የማስቀምጠው ሌላ 6 ዓመት አልነበረኝም። ይህ የገባኝ ቆይቶ፣ ንዴቴ ሲበርድ ነው።

ያን ሰሞን ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። «ለምን በእህቴ ስም አልገዛውም? ሩጫው ይቀርልኛል» ብዬ ጠበቃዋን ጠየቅኋት።

«እህትሽ ያገባች ናት?» አለችኝ።

«አዎ፣ ባሏም ጥሩ ሰው ነው።»

«ጥሩ ሰው ይሁን። ግን በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በማንም ስም ቢሆን የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ቢፋቱ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። እህትሽ ያንቺ ገንዘብ መሆኑን በምን ታስረዳለች? ብትሞትስ ልጆቿ ይወርሱታል። አንቺ የት አለሽ?»

መልስ አልነበረኝም። ስንቶቻችን ነን በወንድም ስም፣ በእናት ስም፣ በአክስት ልጅ ስም የሠራን? ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ይሞታሉ፣ ይፋታሉ፣ ይበደራሉ። እነሱ ላይ የሚደርሰው ሁሉ ቤታችን ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ በራሴ ስም፣ እህቴ በውክልና እንድትገዛልኝ ሆነ። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ትምህርት። ያገሬ ሰው የተለመደውን የውክልና ጽሑፍ ላከልኝ፤ «የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረቴን እንድትሸጥ፣ እንድትለውጥ፣ በዋስትና እንድታስይዝ፣ ባንክ ገንዘብ እንድታወጣ» እያለ ይቀጥላል። ጠበቃዋ አየችውና ቀይ አደረገችው። «አንቺ የምትፈልጊው መግዛት ነው። መሸጥን ማን ጠየቀሽ?» አለች። አሳጥራ ጻፈችው፤ አንድ ቤት ለመግዛት፣ በእኔ ስም ለማስመዝገብ፣ ሲጨረስ የሚያበቃ። በነገራችን ላይ ጠቅላላ ውክልና ብቻውን ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ ሕጉ ለመሸጥና ለማስያዝ በግልጽ የተጻፈ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል። ለዚህ ነው እነዚያን ቃላት በየውክልናው የሚሰገስጓቸው። እኛ ደግሞ ሳናነብ እንፈርምላቸዋለን።

ቆንስላ ሄድኩ። ፓስፖርቴን ቀደም ብዬ አሳድሼ ነበር። ወረፋ ላይ ቆሜ እያንዳንዷን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኳት። ከኋላዬ ያለችው ልጅ «ፈተና አለብሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። አዎ፣ ከ13 ዓመት በፊት የወደቅኩት ፈተና ነበር። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋገጠ፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ገባ።

ቤቱ የተገኘው ገላን ነው። ከቦሌ አራብሳው ያረጀ፣ 4ኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም፣ ኩሽናዋ ሁለት ሰው አታሳልፍም። 1 ሚሊዮን 450 ሺህ ብር። ግን 5 ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፣ የባንክ ዕዳው ተከፍሎ ማስረጃው አለ፣ ካርታው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ተጣርቷል፣ ባልም ሚስትም መጥተው ይፈርማሉ። ልንጨርስ ስንል ሻጮቹ ግብር እንዳይበዛባቸው ውሉ ላይ 700 ሺህ ብር ብቻ ይጻፍ አሉ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው አሉን። ጠበቃዋ እምቢ አለች። ለእኔ እንዲህ አለችኝ፦ «ነገ ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤቱ የሚያስመልስልሽ የተጻፈውን ነው። ያልተጻፈው 750 ሺህ ያንቺ መሆኑን ማን ያውቃል?» ሁለት ቀን አኩርፈው ተመለሱና እውነተኛው ዋጋ ተጻፈ። ክፍያው በሲፒኦ፣ ውልና ማስረጃ ላይ በተፈረመ ቀን ተሰጠ። 10 በመቶው ግን ስም ዞሮ እስኪያልቅ ቀረ፤ ይህም ውሉ ላይ ተጻፈ። የስም ማዞሪያውን የትኛውን ማን እንደሚከፍልም እንደዚሁ።

ለጠበቃዋ በጠቅላላ የከፈልኩት 40 ሺህ ብር ነው፤ በ3 ጊዜ። ብዙ ነው? ለእኔ ብዙ ነው። ግን ካፈረስኩት ቆርቆሮ ቤት ጋር ሳስተያየው ምንም አይደለም። ለጠበቃ መክፈል በፍጹም የማትችሉ ካላችሁ፣ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ ምክር ይሰጣል፤ ቤተሰብ ልካችሁ ጠይቁ። ነፃ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ነፃውን የሰጠሽ ማን እንደሆነና ከዚያ ምን እንደሚያገኝ ማወቅ ነው ቁም ነገሩ።

ጥር 2016 ካርታው በስሜ ወጣ። እህቴ ቪዲዮ ደውላ በሩን ከፍታ ዘጋችልኝ። «እትዬ፣ ስሚው» አለችኝና ቁልፉን አዞረችው። ሥራ ቤት ነበርኩ፤ ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

መስከረም 2017 ቤይሩት ላይ ቦምቡ ሲበረታ፣ አሠሪ ጥሏቸው የሄዱ ልጆች መንገድ ላይ ሲያድሩ፣ እኛም ክፍል ጥቂት እህቶችን አስገባን። ከእነሱ አንዷ ሌሊት «ብንመለስስ የት ነው የምንገባው?» አለች። የምትለው ነገር ገብቶኝ ዝም አልኩ፤ እኔ መልስ ስላለኝ አፈርኩ። በዚያው ሳምንት ወንድሜ ደወለ። ከኩርፊያችን ወዲህ ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። «ነይ በቃ» አለኝ። «ቤትሽ እንደሆነ አለ። ማንም የማይነካው ቤት።» ስለ ጠበቃዋ ምንም አላለም። እኔም አላነሳሁበትም። ይቅርታ መሆኑ ገብቶኛል።

አሁንም ማር ሚካኤል ነኝ። ቤቱ ተከራይቷል፤ በዓይኔ ገና አላየሁትም። ትንሽ ጥሪት ይዤ ልገባ አስባለሁ፣ ፈጣሪ ካለ።

እና ላንቺ ለጠየቅሽው እህቴ፣ ብሩን ገና አትላኪ። መጀመሪያ ያንን ጠበቃ ራስሽ ደውዪለትና እነዚህን ጠይቂው፦

1. የማን ጠበቃ ነህ? ማን ነው የሚከፍልህ?
2. የታደሰ ፈቃድህን ልታሳየኝ ትችላለህ?
3. ካርታውን፣ የባንክ ዕዳውንና የሻጩን የጋብቻ ሁኔታ አጣርተሃል?
4. የእኔና ያንተ ውል በጽሑፍ ይሆናል?
5. የቤቱ ገንዘብ በማን እጅ ነው የሚያልፈው?

ከዚያ ደግሞ ዝም በይና እሱ ምን እንደሚጠይቅሽ ስሚ። ምንም ካልጠየቀሽ፣ ሁሉም ነገር «ችግር የለም» ከሆነ፣ ሌላ ፈልጊ። «አትግዢ» ካለሽ ደግሞ እንደ እኔ አትናደጂበት። ቤቱ ባይሸጥ የሚቀርበት ነገር የሌለ ሰው ያው ጠበቃሽ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ወንድምሽን ውደጂው፣ እመኚውም። ጠበቃው ግን ያንቺ ይሁን።

ላባችን ሜዳ ላይ አይቅር እህቶቼ። ሁላችሁንም በሰላም ለአገራችሁ፣ ለገዛ በራችሁ ያብቃችሁ።